ቦቲ ግዙና ውጡ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የደሴ ነዋሪ ነኝ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ዕድሜዬ 61። ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ እገዛለሁ ብዬ አልዋሽም። ከሱቄ ጎን ያለው ሻይ ቤት አንድ ቅጂ ይመጣል፤ ተራ ይዘን እናነባለን። እኔ ጋ ሲደርስ መስቀለኛ ቃላቱ በሰው እስክሪብቶ ተሞልቶ፣ ዳሩ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ አርፎበት ነው።

ባለፈው ሰሞን ግን አንዱን እትም ተውሼ ቤት ይዤ ገባሁ። ስህተቴ እሱ ነው። የጤና ገጻችሁ ላይ ስለ ክረምት ምክር ወጥቶ ኖሯል። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ብርዱ እስኪያልፍ ከቤት ባይወጡ ይመረጣል ይላል። ልጄ አየችው። «ይኸው አባዬ! እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ጋዜጣውም ይለዋል» አለችና ራቱን ማቅረቧን ትታ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ እንደ ዘበኛ ትቆማለች። ጣጣውን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁና መልሴንም እናንተው አውጡልኝ።

በመጀመሪያ፣ ብርዱን አላውቀውም እንዳትሉኝ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ወረድ ሲሉ ነው፤ እዚያ በሸሚዝ የሚዞር ሰው እዚህ ሲደርስ ሹራብ ይፈልጋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት ወደ 6 ዲግሪ ይቀንሳልና፣ በሁለታችን መሃል ያለው ከ500 ሜትር በላይ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ይወርድና ሱቄ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። የታጠበ ሱሪ ሦስት ቀን አይደርቅም። ካውያ ባይኖር ደንበኞቼ እርጥብ ልብስ ይዘው ይሄዱ ነበር።

የሌላው ሰው ሥራ በክረምት ሲቀዘቅዝ የኔ ይሞቃል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ዩኒፎርም ይጎርፋል፤ ላዩ ላይ የእንቁጣጣሽ ልብስ ይደረባል። ሐምሌ ከገባ ከሲንገሬ ላይ አልነሳም። ጠዋት 2 ሰዓት ተቀምጬ ማታ 2 ሰዓት እነሳለሁ። መብራት ቢጠፋም ሰበብ የለኝም፤ ማሽኔ የእግር ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ክረምት ላይ ታዲያ እንቅልፍ ሸሸኝ። ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ፍጥጥ ይላል። ቀን ደግሞ መቀስ እንደያዝኩ አሸልባለሁ። ወገቤ ተቆለፈ። የባሰው ግን ሌላ ነው፤ ምንም ነገር አያስደስተኝም። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ስትጠራኝ «ይቅርብኝ» ማለት ጀመርኩ። ወሎዬ ቡና ይቅርብኝ ካለ ጎረቤት መሰብሰብ አለበት። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ግፊቴ ተለካ፣ ስኳሬ ተለካ፣ ደህና ነህ ተባልኩ። በማግስቱ የአንዱን ተማሪ ሱሪ አንዱን እግር በአራት ጣት አሳጥሬ ሰፋሁት። ደህና የሆነ ልብስ ሰፊ እንዲህ አያደርግም።

ያወጡኝ ጎረቤቴ ሐጂ ናቸው። ሐጂ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በአሰብና በጅቡቲ መንገድ የጨረሱ ሰው ናቸው። ከ70 አልፈዋል። ሱብሒ ሰግደው ከመስጊድ ሲወጡ ተመልሰው አይተኙም። ይሄዳሉ። በክረምትም በበጋም። አንድ ጠዋት በራችንን አንኳኩና «አንተ ልጅ፣ ተነስ እንጂ! የቆመ መኪና ጎማው ይበላሻል» አሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ ልጅ ያለኝን ሰው እምቢ ማለት አቃተኝ።

የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነበር። የቆዳ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ሁለት መቶ ሜትር ሳልሄድ ጭቃው ላይ ዘጭ። ጃንጥላዬን ንፋስ ገለበጠው። ሐጂ አልሳቁም። «አብሽር፣ ነገ ቦቲ ግዛ» ብቻ አሉኝ። ገዛሁ። ያ ገበሬው ለአረም የሚያደርገው ጥቁር የላስቲክ ጫማ ነው። ከሸራ ደግሞ እስከ ጉልበት የሚደርስ ካፖርት ሰፋሁ፤ አንድ ለኔ፣ አንድ ለሐጂ። የሳቸውን እጅጌ ሰፋ አደረግኩት፤ ሲያወሩ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ወጪያችን ይኸው ነው።

12 ሰዓት ተኩል ላይ እንወጣለን። ወደ ጦሳ ግርጌ ዳገቱን ቀስ ብለን እንይዘዋለን። ወሬ ካለ እናወራለን፣ ከሌለ ዝም ነው። ዳገቱ ሲከር ሐጂ «ማርሽ ቀንስ» ይሉኛል። ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ነው። «ዝናቡስ?» ትሉኝ ይሆናል። የኛ አገር የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የከሰዓት ነው። ጠዋት ፀሐይዋ መሬቱን ታሞቃለች፤ እርጥቡ አየር ሽቅብ ይወጣል፣ ደመና ይሆናል፣ ከምሳ በኋላ ይወርዳል። ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ለሰው የተተወ ነው። ሲያወርደው አድሮ ሲያወርደው የሚነጋበት ቀንም አለ። ያን ቀን እንተኛለን። እልህ የለብንም።

ከላይ ሆናችሁ ቁልቁል ስታዩ ደሴ የለችም። ጉሙ ውጧታል። ትንሽ ቆም ስትሉ መጀመሪያ አንድ ሚናራ ብቅ ይላል። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። ከዚያ ቆርቆሮው ሁሉ እያብለጨለጨ ይወጣል። በበጋ ድንጋይ ብቻ የነበረች ሸለቆ ሁሉ ድምፅ አላት። ባህር ዛፉ ይሸታል፣ የረጠበ አፈር ይሸታል። ሐጂ «ናፍጣ ሲሸት የኖረ አፍንጫዬ እዚህ ነው የተከፈተው» ይላሉ። እኔ የጨርቅ ብናኝ ስምግ የኖርኩት ሰውዬ ምን ልበል?

አሁን ፍልሰታ ስለሆነ ቅዳሴ እስኪወጣ ምንም አልቀምስም። ስንመለስ ሻይ ቤቱ ከፍቷል። ሐጂ ያዛሉ ብዬ እጠብቃለሁ፤ አያዙም። «ጠጡ እንጂ» ስላቸው «ብቻውን ሻይ የሚጠጣ ሹፌር አደጋ ያደርሳል» ብለው ወሬ ያስቀይሱኛል። እንዲህ ያለ የትራፊክ ሕግ ሰምቼ አላውቅም።

በዚያ ዓመት በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። ባለቤቴ ደንግጣ ቀሰቀሰችኝ። ቡናውንም እንደ ድሮዬ እስከ በረካ መጠጣት ጀመርኩ።

ለምን እንደሆነ የገባኝ በመርፌ ነው። መርፌ ላይ ክር ሳስገባ ሁልጊዜ ተነስቼ ደጃፍ እወጣለሁ። አምፖሉ ከራሴ በላይ በርቶ እያለ፣ ሰማዩ ጥቁር ደመና ሆኖ እያለ። ይህን ሁሉ ዘመን ሳደርገው ትርጉሙን አስቤው አላውቅም ነበር። ብርሃን የሚለካበት ሉክስ የሚባል መለኪያ አለ። የቤት መብራት ብዙ ጊዜ ከ500 ሉክስ አያልፍም። ደመና የሸፈነው ሰማይ ግን እኩለ ቀን ላይ 10,000 ሊደርስ ይችላል። ዓይናችን ቶሎ ስለሚለምድ ልዩነቱ አይታወቀንም። መርፌዋ ግን ታውቃለች። አንጎላችንም ያውቃል። ውስጡ ቀንና ሌሊት የሚቆጥር ሰዓት አለ፤ ሰዓቱን የሚያስተካክለው በዓይን የሚገባው የጠዋት ብርሃን ነው። ያን ሲያገኝ እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን ቀን ላይ ያፍነዋል፣ ማታ በሰዓቱ ይለቀዋል። ከጨለማ ቤት ወደ ጨለማ ሱቅ ስገባ ስወጣ ከርሜ ሰዓቴ ቢዛነፍ ምን ይገርማል?

ፀሐይ ብልጭ ስትል ደግሞ እጅጌዬን እሰበስባለሁ። ቫይታሚን ዲ ቆዳችን ላይ እንዲሠራ የሚያደርገውን ጨረር የመስኮት መስታወት ያስቀረዋል። እናቶቻችን ሕፃኑን ደጅ አውጥተው የሚያሞቁት በከንቱ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑትም አይቀንስላቸውም፤ እንዲያውም እንዳይወድቁ ሚዛን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጨምርላቸዋል። እኛ እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስለምቆይ ይቀርብናል። በቀሩት 6 ቀናት 360 ደቂቃ እንሄዳለን። ሚዛኑን ጭቃው በነፃ ያስተምረናል።

«ብርድ መታው» የምንለው ነገርስ? ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ለቫይረሱ ደግሞ በሩ ተዘግቶ ሰው ከታጨቀበት ክፍል የበለጠ የሚመቸው የለም። ከጉንፋን የሚብሰው ግን ከሰል ነው። ብርዱ ሲጠና ማንደጃውን መኝታ ክፍል እናስገባና የበሩን ሥር በጨርቅ እንጠቀጥቃለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይጣበቃል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል፤ ከዚህ እንቅልፍ ያልተነሳ ብዙ ነው። ስለ ክረምት ያን ያህል ስትጽፉ ስለ ከሰል አንድ መስመር አለማስገባታችሁ ከፋኝ። ሽማግሌውን ከደጅ መልሳችሁ ከማንደጃው ጋር ዘጋችሁበት።

ደግሞስ ወሎ በክረምት ቤት ይዘጋል እንዴ? በነሐሴ አጋማሽ ላስታ ሄዳችሁ ልጃገረዶቹን እዩ። የአሸንድዬውን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ደጅ ናቸው። በዓሉን ቆቦ ሶለል ይለዋል፣ ዋግ ሻደይ ይለዋል። ይዘንባል ብላ የቀረች የለችም። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ የሰፈራችን ልጆች ከአሁኑ ጅራፍ እየገመዱ ነው። «ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» እያልን አይደል ያደግነው? ገበሬውንማ ተዉት። እሱ አረሙን ለማን ጥሎ ይተኛል? ግን እውነቱን ለመናገር፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የዋለን ሰው ደጅ መውጣት ጤና ነው ብል ይስቅብኛል። እኔ የምናገረው ለእንደኔ ዓይነቱ ተቀማጭ ነው።

ምክራችሁ ሁሉ ውሸት ነው አልልም። አስም ያለበትን ሰው ቀዝቃዛ አየር ሊቀሰቅስበት ይችላል፤ አፍና አፍንጫውን በሻርፕ ይሸፍን፣ ሐኪሙንም ይጠይቅ። በስብሶ መዋልም አያዋጣም፤ እኔ ቤት እንደገባሁ መጀመሪያ ካልሲዬን ነው የምቀይረው። ነጎድጓድ ከሰማን ወሬያችንን አቋርጠን እንወርዳለን፤ ዛፍ ሥር አንጠለልም። ሐጂ መብረቅ ከላይ እስከ ታች የሰነጠቀው ባህር ዛፍ አሳይተውኛል። ገደል አፋፍም አንጠጋም። የደሴ መሬት በክረምት እንደሚንሸራተት አገሩ ያውቃል።

በሦስት ክረምት ውስጥ ከሥራ ያስቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም ብርድ አይደለም። ከሰፈራችን ወደ ዳገቱ በሚወጣው የኮብልስቶን መንገድ ላይ ክዳኑ የተነሳ ቦይ አለ። ጎርፍ ሲሞላው ከመንገዱ አይለይም። አምና ሐምሌ ላይ እስከ ጉልበቴ ገባሁበት። ሐጂ በካፖርቴ ኮሌታ ይዘው አወጡኝ፤ ስፌቱ አልተተረተረም፣ ይህን በኩራት ነው የምናገረው። አንድ ሳምንት ተኛሁ፤ ከዚያም ሁለት ሳምንት ማሽኔን በአንድ እግር ረገጥኩ። ለሚመለከተው ክፍል ሦስት ጊዜ አመለከትን። አንድ ጊዜ መጥተው ፎቶ አንስተው ሄዱ።

ልጄን አልወቅሳትም። እሷ በሩ ላይ የምትቆመው ያን ቀን እያነከስኩ ስገባ ስላየችኝ ነው። ብርድ ትላለች እንጂ የምትፈራው ቦዩን ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ አዛውንቱን ቤት ተቀመጡ ከምትሉ፣ ቦይ የሚከድነውን ሰው ውጣ በሉልን። ቦታው አይጠፋም። የሰፈሩ ልጆች አሮጌ ጎማ አቁመውበት፣ መሃሉ ላይ ቅርንጫፍ ሰክተውበታል። ጎማውን የሰጡት ሐጂ ናቸው።

ልብስ ሰፊው፣ ከደሴ
ነሐሴ 3