የልጆቻችሁን ፖስተር በተመለከተ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በሚቀጥሉት ሳምንታት ተማሪዎች በሳይንስ ክፍለ ጊዜ አጭር ገለጻ ያቀርባሉ። ፖስተር፣ ቻርት ወይም ስላይድ ይዘው ይመጣሉ። እኔም አንድ ልመና አለኝ፦ እባካችሁ እናንተ አትሥሩላቸው።

ልጅ ሲጨነቅ ቁጭ ብሎ ማየት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ከኢንተርኔት ወርዶ በቀለም የታተመ ፖስተር ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ግድግዳውን ነው። ልጁ ራሱ ሲስል ምን ይግባ፣ ምን ይቅር፣ ቀስቱ ወዴት ይዙር ብሎ ይወስናል። የሚማረውም ያኔ ነው።

የልብን ሥዕል እንውሰድ። የልብ ግራ ክፍል የሚሳለው በተመልካቹ በቀኝ በኩል ነው፤ ፊት ለፊታችን የቆመ ሰው ልብ ነዋ! አሳትሞ የመጣ ልጅ «ለምን ተገለበጠ?» ሲባል ዝም ይላል። ራሱ የሳለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያስረዳል። ሰማያዊው ቀለምም አለ። ኦክስጅን ያነሰው ደም ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ በሰማያዊ የሚቀባው ለመለያ ያህል ነው። ይህ ካልተነገረው ልጁ ሰማያዊ ደም አለ ብሎ ያድጋል። (ብለው ያደጉም አሉ።)

ስላይድ የሚያዘጋጁት ደግሞ ሙሉ አንቀጽ ገልብጠው ማንበባቸውን ይተዉ። ሰው እያነበበ በደንብ ማዳመጥ አይችልም። ሥዕልና ንግግር ግን ይደጋገፋሉ። የክፍሎቹ ስምም እዚያው ሥዕሉ ላይ ይጻፍ፤ ቁጥር ሰጥተው ከታች ከዘረዘሩት ዓይን ሲመላለስ ሐሳቡ ይበተናል። ቀይና አረንጓዴን ብቻ ለመለያ አይጠቀሙ፤ ሁለቱን ለመለየት የሚቸገሩ ልጆች አሉ፣ በተለይ ወንዶች።

ማገዝ ለምትፈልጉ ሥራ አለ። ፖስተሩን ግድግዳ ላይ ያስደግፍና እናንተ በተቻለ መጠን ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ጽሑፉ ካልታያችሁ ኋላ ለሚቀመጠው ተማሪም አይታየውም። ከዚያ አስረዳን በሉት። ጀርባውን ሰጥቷችሁ ማንበብ ከጀመረ አስቁሙትና ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ በራሱ ቃል ይንገራችሁ። ያልገባችሁን ጠይቁት፤ የገባችሁንም ቢሆን ጠይቁት።

ሥዕሉ ቢንጋደድ ግድ የለም። መምህራኑ ማርክ የሚሰጡት ለማስረዳቱ ነው። ካርቶንና ማርከር ያጠረው ተማሪ ለክፍል ኃላፊው ይንገር፣ ከትምህርት ቤቱ ይሰጠዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህር