ከቤጂንግ ስለተመለሱት ልጆቻችን እና ስለ መጥረጊያው ጉዳይ

ውድ ወላጆች፣ ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ?

ልጆቹ ከቻይና ከተመለሱ ሁለት ሳምንት ሊሞላቸው ነው። ምዝገባ ላይ ያገኘሁት ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ታላቁን የቻይና ግንብ አዩት?» አዎ፣ አይተውታል፤ ፎቶውም አለ። ቤት ውስጥ ግን ሌላ ወሬ እንዳለ ሰምቻለሁ። አንዲት እናት ደውለው «ልጄ ከተመለሰች ወዲህ ሙቅ ውኃ ካልሆነ አልጠጣም ትላለች፤ እዚያ ሆዷን አሟት ነበር እንዴ?» አሉኝ። በዚያው ቀን አንድ አባት፣ ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ «ልጄን መጥረጊያ ልታስይዙት ነው አሉ፤ የምከፍለው ለዚህ ነው?» አሉኝ። የሁለቱም ጥያቄ መልስ አንድ ቦታ ነው ያለው። ልጆቹ እዚያ በየቀኑ ምን ሲያደርጉ እንደዋሉ ካልነገርኳችሁ ግን አይገባችሁም። ስለዚህ ታገሱኝ፣ ደብዳቤው ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ድምፃችን ጠፍቶ እንቅልፍ ያጣችሁት በእኔ ጥፋት ነው። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ጉግል ቻይና ውስጥ እንደማይከፈቱ አውቅ ነበር። ቲክቶክ እንኳ እዚያ የለም፤ እነሱ የሚያዩት የዚያኑ ኩባንያ ዶዪን የሚባለውን ነው። (ይህን ሲሰሙ ከልጆቹ ሁለቱ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም።) ዊቻት በሚባለው የቻይናዎች የመልእክት መተግበሪያ ግሩፕ ከፍተን እንገናኛለን ብለን ተማምነን ሄድን። አዲስ ዊቻት የሚከፍት ሰው፣ ቀድሞ ያለው ሌላ ሰው ኮዱን ስካን አድርጎ እንዲመሰክርለት ሊጠየቅ እንደሚችል ግን አላሰብኩበትም። ግማሻችሁ በር ላይ ቀራችሁ። ያወጣን የአንዷ መምህርት የኢትዮጵያ ሲም ነው። ሮሚንግ ላይ ያለ ስልክ ኢንተርኔት የሚያገኘው በአገሩ ኔትወርክ በኩል ስለሆነ የእሷ ቴሌግራም ይሠራ ነበር። ሂሳቡን ግን አትጠይቁኝ። ሰዓቱም አለ። ቻይና ከእኛ 5 ሰዓት ትቀድማለች። እናንተ ከሥራ ገብታችሁ ማታ 1 ሰዓት ላይ ስትደውሉ እዚያ እኩለ ሌሊት ነው፤ ልጁ ስላልናፈቃችሁ አይደለም ያላነሳው፣ ተኝቶ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ለ18ቱም ልጆች አንዳንድ ደብተር ሰጥተን በየማታው አንድ ገጽ እንዲጽፉ ነግረናቸው ነበር። ሁሉንም አንብቤያለሁ። የአንዷን፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ እሷንም ወላጆቿንም አስፈቅጄ ላካፍላችሁ። ስሟን አልጠቅስም። በሙቅ ውኃው የምትገምቷት ከሆነ ምን ላድርግ።

የመጀመሪያው ገጽ ስለ ሻንጣ ነው። ሰኔ 18 ከአዲስ አበባ ስንነሳ ዝናብና ጃኬት ነበር፤ ቤጂንግ ስንወርድ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ። ልጅቷ ሦስት ሹራብ ይዛለች፣ ኮፍያ የላትም። ከሁሉ የባሰው ቋንጣው ነው። ሥጋም ሆነ የሥጋ ውጤት ወደ ቻይና ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን በወረቀት ልከንላችሁ ነበር። የአንድ ልጅ ሻንጣ ሲከፈት ግን በሦስት ፌስታል የተጠቀለለ ቋንጣ ወጣ። የጉምሩኩ ሰውዬ አሸተተው፣ አየን፣ ወሰደው። እናቱ ይህን እያነበቡ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ድርቆሹና ዳቦ ቆሎው በሰላም ገብተዋል።

ሁለተኛው ገጽ በተቀበለን የቤጂንጉ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። አርባ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር አስቀመጧት፤ ሁሉም እንደ ስፖርት ቱታ ያለ ዩኒፎርም ለብሰዋል። ምሳ በልተው ተመለሱ። መጋረጃው ተዘጋ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዴስኩ ላይ ጭንቅላቱን ደፋ። «ሰው የሞተ መሰለኝ» ብላ ጽፋለች። የቀትር እንቅልፍ ነው። እኛ ጋ ዴስክ ላይ የተኛ ተማሪ ወደ ቢሮዬ ይላካል፤ እዚያ ያልተኛው ነው የሚገርመው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የድምፅ ማጉያው ሙዚቃ ጀመረ፣ አንዲት ሴት መቁጠር ጀመረች፣ ልጆቹ ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው የቅንድባቸውንና የአፍንጫቸውን ሥር ያሹ ጀመር። ይህ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትምህርት ቤቶቻቸው የሚሠራ የዓይን እንቅስቃሴ ነው፤ መነጽር የሚያደርገው ልጅ ብዙ ነው። ከአርባው ሰው መሃል ዓይኗን የገለጠች እሷ ብቻ ነበረች። ዞር ዞር ብላ አየችና እሷም ጨፈነች። የጎን ጓደኛዋ ሳትገልጥ እጇን ይዛ ጣቷን ትክክለኛው ቦታ ላይ አስቀመጠችላት። እንዴት እንዳወቀች እስካሁን አልገባትም።

ምግቡ ብዙ ገጽ ወስዷል። የሰኔ ጾም የያዙ ልጆች ነበሩ፣ እሷም አንዷ ናት። ፎሶሊያ አየች፣ ደስ አላት፣ ሳህኗን ሞላች። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ነው በፎሶሊያው መሃል የአሳማ ሥጋ ተከትፎ መበተኑን ያየችው። እዚያ እንደ ቅመም ነው የሚያዩት፤ «ሥጋ አለው?» ብትሏቸው «የለውም፣ ፎሶሊያ ነው» ይሏችኋል፣ ውሸታቸውንም አይደለም። መምህርታችን በቻይንኛ «ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት አልበላም» የሚል ካርድ አጽፋ ሰጠቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ በቶፉ ሆነ። ሙስሊም ልጆቻችን «ቺንግዠን» የሚል ጽሑፍ ያለበትን መስኮት በመጀመሪያው ቀን አግኝተውታል፤ ሐላል ማለት ነው። የማይጾሙት ክርስቲያኖችም አሳማውን ሽሽት እዚያው ተሰለፉ። እዚህ ብንሆን ሥጋ ላይ ገበታ የምንለያይ ሰዎች እኮ ነን፤ እዚያ አንድ ሰልፍ ላይ ሆነው አንዱ ለሌላው ቦታ ይይዝ ነበር። ሚጥሚጣው በአራት ቀን አለቀ። በሚያቃጥል ምግቡ የሚታወቀው የሲቹዋን ክፍለ ሀገር ተወላጅ የሆነች አንዲት ተማሪ በማንኪያ ወስዳ ኑድሏ ላይ ነስንሳ ፊቷ ሳይለዋወጥ ጨረሰችው፤ የእኛ ወንዶች ልጆች ክብራቸው ተነካ።

ሙቅ ውኃው እንዲህ ነው። በዚያ ሙቀት ውኃ ማሞቂያው ፊት ሁሉም ሰው ፔርሙዝ ይዞ ይሰለፋል። ልጅቷ ቀዝቃዛ ስትጠይቅ ካፌ ውስጥ የሚሠሩት ሴትዮ ሆዳቸውን ይዘው «ያምሻል» የሚል ምልክት አሳዩአትና ራሳቸው ሞሉላት። የቧንቧው ውኃ ሳይፈላ አይጠጣም፤ ግን ልማዱ ከዚያም ያልፋል፣ ሆድን ያሳርፋል ይላሉ። በሦስተኛው ቀን ሻይ ቅጠል ጨመረችበት። ስለዚህ እመቤት፣ ልጅዎ አልታመመችም።

አሁን የወደድኩትን ገጽ ልንገራችሁ። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ኮክ የሚሸጡ አሮጊት ነበሩ። ዋጋ ስትጠይቃቸው አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን አሳዩአት። ሁለት ጣት፣ ሁለት ዩዋን፤ ከፈለች። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጣቶቹን እንደገና አወዛወዙ። ለካ እነዚያ ሁለት ጣቶች ስምንት ናቸው። ቻይናዎች እስከ አስር በአንድ እጅ ይቆጥራሉ፤ ስድስት አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ነው፣ እኛ «ደውልልኝ» እንደምንለው። አስርን ሁለት ሌባ ጣቶች አጣምረው መስቀል ሠርተው የሚያሳዩም አሉ። ልጅቷ የቀራት የ100 ዩዋን ኖት ብቻ ነው። አሮጊቷ መልስ የላቸውም። ሻጭ ጥሬ ገንዘብ አልቀበልም ማለት እዚያ አይፈቀድለትም፤ መልስ ከየት ይምጣ ግን? ሁሉም የሚከፍለው አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ኪውአር ኮድ በስልኩ እያነሳ ነው፤ እኛ ቴሌብር ጀመርን ብለን ስንኮራ እነሱ ጋ ሳንቲም ጠፍቷል። አሮጊቷ አንድ ኮክ መርጠው እጇ ላይ አስቀመጡላትና «ሂጂ፣ ሂጂ» አሏት። በማግስቱ ከመምህሯ ስልክ አስከፍላ ዕዳዋን ዘጋች፤ ሌላ ኮክም ተጨመረላት።

በቋንቋው በኩል በ12 ቀን ውስጥ ቻይንኛ ተማሩ ብዬ አልዋሽም። ግን ስለ ድምፅ አወጣጡ ያለውን ገጽ ሳነብ ስቄያለሁ። «ማ» ከፍ ብሎ ሳይወዛወዝ ሲወጣ እናት ነው፣ ወርዶ ሲነሳ ፈረስ ነው። የጎን ጓደኛዋ ይህን ስታስተምራት እሷ ደግሞ በተራዋ «ዋና»ን አስተማረቻት፤ ላላ ሲል ውኃ ውስጥ የሚደረገው፣ ጠበቅ ሲል ደግሞ አለቃው። «ፊደሉ አንድ ነው? ታዲያ እንዴት ታውቁታላችሁ?» አለቻት። መልስ አጣች። እኔም አጣሁ።

ደስ ያላለንም ነበር። ምድር ውስጥ ባቡር ላይ ሰው ፎቶ ያነሳቸዋል፤ አንዳንዱ አስፈቅዶ፣ አንዳንዱ ስልኩን የሚያነብ መስሎ። አንዲት አዛውንት የልጅቷን ሹሩባ ለመንካት አስፈቅደው አንድ በአንድ ቆጠሩት፤ ያን ወዳዋለች። አንድ ወንድ ልጅ ግን በድብቅ ሲነሳ ከፍቶት ከሰዓቱን ሙሉ ዝም ብሎ ዋለ። ይህን ከመሄዳችን በፊት ልናነጋግራቸው ይገባን ነበር፤ አላነጋገርናቸውም።

ስለ ግንቡ የጻፈችው ሦስት መስመር ነው። ሙቲያንዩ በሚባለው በኩል ወጣን፣ ደረጃው ጉልበት ይፈታል፣ ስንወርድ በተንሸራታቹ ወረድን። ከቤጂንግ ወደ ቲያንጂን ከተማ ስለወሰደን ባቡር አንድ መስመር፤ «120 ኪሎ ሜትር፣ ሻዬ ሳይበርድ ደረስን።» ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጀው። አንድ ካፌ ግድግዳ ላይ ደግሞ መምህራቸው «የጂያ ሽዌፌይ» ብለው ያነበቡላቸው ጽሑፍ ይርጋጨፌ ሆኖ ተገኘ፤ ዋጋውን አይተው ሳይገዙ ወጡ።

አሁን መጥረጊያው። በአምስተኛው ቀን ትምህርት ሲያልቅ አራት ልጆች ቀሩ። ስማቸው ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ ተጽፏል። ወንበሮቹን ዴስክ ላይ ገለበጡ፣ አንዱ ጠረገ፣ አንዷ ባልዲ ይዛ መጣች። ባልዲ የያዘችው ያቺ የጎን ጓደኛዋ ናት፣ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣዋ። የእኛዋ «ሠራተኛው ቀርቶ ነው?» ብላ ጠየቀች። ተራዋ ነው። መወልወያውን ተቀበለቻት፣ ሳትጨምቀው ወለሉ ላይ ጣለችው፣ ውኃው እስከ በሩ ሄደ። ጓደኛዋ ሳትስቅባት እንዴት እንደሚጠመዘዝ አሳየቻት፤ ከዚያ ከሰሌዳው እስከ ኋላው ግድግዳ ድረስ ወለወለች።

«ልጄ ማጥናት ነው ያለበት» ላላችሁኝ አንድ ነገር ልበል። እነዚያ ልጆች ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ለጋኦካኦ የሚዘጋጁ ናቸው። በየዓመቱ ግንቦት 30 ላይ የሚጀምረው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. 13.42 ሚሊዮን ተማሪ ተመዝግቦለታል። ማታም ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ያጠናሉ። ለመወልወያ ግን ጊዜ አላቸው።

እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። ልጆቻችን ይህን እንደ ቻይና ጉድ ጽፈው መጡ። እኔ የተማርኩት በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ተራ ሲደርሰን ጠዋት ቀድመን ገብተን አቧራው እንዳይነሳ ውኃ ረጭተን እንጠርግ ነበር፤ መጥረጊያውም ከቤት ነው የሚመጣው። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እንዲሁ ናችሁ፤ አትካዱ። ዛሬም ስንት ትምህርት ቤት ውስጥ ይደረጋል። እኛ ነን ክፍያ ስንጨምር የተውነው።

18ቱ ልጆች በተመለሱ በሳምንቱ ፈርመው ወረቀት አመጡልኝ። ጥያቄያቸው ሁለት ነበር፤ የጽዳት ተራና የቀትር እንቅልፍ። እንቅልፉን አልፈቀድኩም። ተራው ግን ከመስከረም ጀምሮ ከ5ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ይጀመራል። በቀን አራት ልጅ፣ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ 15 ደቂቃ፣ የራሳቸውን ክፍል ብቻ። መጸዳጃ ቤቱና ግቢው እንደ ድሮው በጽዳት ሠራተኞቻችን ነው የሚጸዳው፤ አንዳቸውም ከሥራ አይወጡም፣ ተሰብስበን ተነጋግረናል። አስም ያለበት ልጅ ካለ ሰሌዳ ያጠፋል ወይም ወንበር ይገለብጣል፤ አሳውቁን። ሰርቪስ የሚጠብቁትም እንዳይቀሩ የመነሻ ሰዓቱን እያስተካከልን ነው። የማይስማማ ወላጅ የሚመጣው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይምጣና እንነጋገር። ደብተሮቹም ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ፤ የፈቀዱ ልጆች ብቻ ናቸው የሰጡን፣ የሌላውን ልጅ ደብተር ቦርሳው ውስጥ ገብታችሁ እንዳትፈልጉ።

አክባሪያችሁ፣
ርዕሰ መምህሩ

ማስታወሻ፦ ከአውሮፕላን ማረፊያ ባመጣን አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ጃኬት፣ የግራ እግር ስኒከርና የቻይንኛ ጽሑፍ ያለበት ቀይ ፔርሙዝ ተገኝቷል። ጃኬቱን ሦስት ልጆች የእኔ ነው ብለዋል፤ ስኒከሩን ማንም አልጠየቀም። ቢሮ ነው ያለው።