ያንን የሆስፒታል ወረቀት ይፈልጉልኝ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለወጉ ያህል አይደለም፤ የምሬን ነው።

አባባ፣ በጥር ወር ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ። ከሽንት ፊኛ ሥር ያለችውን፣ ፕሮስቴት የምትባለውን የወንድ እጢ አወጡልኝ፤ ካንሰር ተገኝቶባት ነበር። በስልክ ያልነገርኩዎ እማዬ ሁልጊዜ ከጎንዎ ስለምትሆን ነው። ድምፅዎ ሲለወጥ ከሰማች እህል አትቀምስም። ደብዳቤውን ግን ብቻዎን ያነቡታል። ለእሷ እንዴት እንደሚነግሯት እርስዎ ያውቃሉ።

«በ47 ዓመት የሽማግሌ በሽታ?» እንደሚሉ ይታወቀኛል። እዚህ አሜሪካ በሽታው የሚገኝባቸው ወንዶች አማካይ ዕድሜ 67 ገደማ ነው። ወጣት ላይ ጥቂት ነው፤ ግን አለ። ኦሎምፒክ ስለሚወዱ አንድ ሰው ልንገርዎ። ስድስት የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው ብሪታንያዊው ብስክሌተኛ ክሪስ ሆይ ሲነገረው እንደኔው 47 ዓመቱ ነበር። የእሱ አጥንቱ ድረስ ዘልቆ ነው የተገኘው። አያቱም አባቱም ይኸው በሽታ ነበረባቸው።

እኔን ምንም አላመመኝም። ሽንቴም እንደ ድሮው ነበር። ለዓመታዊ ምርመራ ደም ስሰጥ ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለው፣ ይህች እጢ ወደ ደም የምትለቀው ነገር መጠን፣ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከዚያ ኤም.አር.አይ. በሚባለው መሣሪያ ውስጤን አነሱኝ፣ ከዚያ ከእጢዋ በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ቀስ ብሎ የሚያድገው ዓይነት ቢሆን ሳይነኩት በክትትል ብቻ ያቆዩት ነበር። የእኔ ግን ቸኩሏል ተባለ፤ ደግነቱ ከእጢዋ አልወጣም።

ኦፕራሲዮኑን የሠራው ሮቦት ነው ብልዎ እንዳይደነግጡ። ሐኪሙ እዚያው ክፍል ጥግ ተቀምጦ በሁለት እጁ ይነዳዋል። ሆዴ ላይ ጥቂት ትናንሽ ቀዳዳ ነው የቀረው፤ በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። ድሮ ይህን ኦፕራሲዮን የሆነ ወንድ አብዛኛው የባልና ሚስት ነገር ያበቃለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ባልቲሞር ውስጥ፣ ከቤቴ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ፓትሪክ ዋልሽ የሚባል ሐኪም በእጢዋ ግራና ቀኝ የሚያልፉትን ቀጫጭን ነርቮች ሳይቆርጥ ማውጣት ጀመረ። ለእኔም የተደረገው እንደዚያ ነው።

የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መጀመሪያ የሽንት ቱቦ ነበረኝ፤ ከረጢቱ እግሬ ላይ ታስሮ። ማታ ትልቁን ከረጢት ባልዲ ውስጥ አድርጌ ከአልጋው ሥር አስቀምጥ ነበር። ልጅቷ «ዳዲ፣ ይሄ ጁስ ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። ቱቦው ሲወጣ ደግሞ ሽንት መያዝ አቃተኝ። ሳል፣ ማስነጠስ፣ ሳቅ፣ ሁሉም ያስመልጣል። ሞዴስ የሚመስል ነገር አድርጌ ሥራ እገባ ነበር። ባለቤቴ «አሁን ነው የሴት ኑሮ የገባህ» ብላ ስትስቅብኝ እኔም እስቃለሁ፤ ስስቅ ደግሞ ያመልጠኛል! ሽንት ስንይዝ የምንጨብጠውን ጡንቻ ማጠንከር መድኃኒቱ ነው አሉኝ። ቀይ መብራት በያዘኝ ቁጥር እሠራዋለሁ። አሁን ከባድ ዕቃ ካላነሳሁ በስተቀር ደረቅ ነኝ። ወጣት ሰው ቶሎ ያገግማል ያሉት እውነት ነው።

የትዳሩን ነገር ለአባት መጻፍ ነውር ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው። ነርቮቹ ለመመለስ እስከ ሁለት ዓመት ሊወስድባቸው ይችላል፤ ወደ ደህናው እየሄደ ነው። በተፈጥሮ መንገድ መውለድ ግን ቀርቷል፤ ዘሩን የሚያወጣው መንገድ አብሮ ይቆረጣል። «ሦስተኛውን መቼ ነው?» እያሉ በየበዓሉ ሲጠይቁኝ የነበረው በዚህ ተመልሷል። ሁለቱን ይመርቁልኝ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ፒ.ኤስ.ኤ. ተለክቶ ምንም አልታየም። እጢዋ ከወጣች እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ለዓመታት እየተለካ ይቀጥላል።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ ልምጣ። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አባትህ ወይም ወንድምህ ነበረበት?» ብላ ነው። መልስ አልነበረኝም። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት እርስዎ አዲስ አበባ ሄደው ኦፕራሲዮን ሆነው ሲመለሱ «ሽንት አስቸግሯቸው ነው» ተባልን፤ በዚያው ተዘጋ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉን የነበሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ! በእርግጥ እርስዎ ብቻ አይደሉም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበረው ሎይድ ኦስቲን በ2023 መጨረሻ ለዚሁ በሽታ ኦፕራሲዮን ሲሆን ለፕሬዚዳንቱም አልነገረም። ያን ሁሉ ጦር ያዘዘ ሰው ይህችን መናገር አቃተው። ኋላ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ።

የእርስዎ በዕድሜ የሚመጣው የእጢ ማበጥ ብቻ ከነበረ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ካንሰር ከነበረ ግን የወንድሞቼ ሂሳብ ይለወጣል። አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው አደጋው እጥፍ ገደማ ነው። እዚህ ያለው ምክር እንደኔ በወጣትነቱ የታመመ አንድ የቅርብ ዘመድ ያለው ሰው ከ45 ዓመቱ ጀምሮ ስለ ምርመራው ሐኪም ያነጋግር ይላል። ከአንድ በላይ ከሆኑ ከ40። ከወንድሞቼ ታላቁ 44 ሆኖት ወደ 45 ስለተጠጋ በእኔ ምክንያት ብቻ ሊሄድ ነው። ትንሹ ግን 41 ነው፤ «ገና አራት ዓመት አለኝ» እያለ ነው። የእሱን ነገር የሚወስነው የእርስዎ ወረቀት ነው።

ኦፕራሲዮን ሲደረግ የወጣው ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ ፓቶሎጂ ወደሚባለው የሥጋ መመርመሪያ ክፍል ይላካል። ውጤቱ ከቤቱ ካርታና ከጡረታው ደብተር ጋር በሚያስቀምጡት ፋይል ውስጥ ይኖር ይሆናል። ከተገኘ ትንሹ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልኝ። ከጠፋም ሆስፒታሉንና ዓመቱን ይንገሩት፤ ሄዶ መዝገቡን ያስፈልግ። እግረ መንገድዎን የእማዬ እህት በጡት ሕመም ነው የሞቱት የሚባለው እውነት መሆኑን ይጠይቁልኝ፤ የጡትና የፕሮስቴት ካንሰር አንዳንዴ በአንድ ዘር ይወርዳሉ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። እማዬ ጎረቤት ቡና ስትሄድ ሚስኮል ያድርጉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ