ለመስቀል ስለምንሰበስባቸው የድሮ ፎቶዎች

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ለመስቀል ስንገናኝ ቡና እየጠጣን የምናያቸውን የትምህርት ቤት ፎቶዎች መሰብሰብ ጀምረናል። ከደረሱን ውስጥ ብዙዎቹ ደብዛዛ ናቸው። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከውን መጠኑን ቀንሶ ስለሚያስተላልፍ ከኋላ የቆሙት ልጆች ፊት አይለይም። እባካችሁ «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩልን።

በስልክ ስታነሱ ፎቶውን መስኮት አጠገብ አስተኙት፤ ፀሐይ በቀጥታ አይምታው፣ ፍላሹም ይጥፋ። የአልበሙን ላስቲክ ግለጡት፣ አለዚያ ያንጸባርቃል። ሙጫው ላይ የተጣበቀውን ግን በግድ አትላጡት፤ ምስሉ አብሮ ይቀደዳል። እዚያው እንዳለ አንሱት።

ሁሌም የሚያወዛግበን ዓመቱ ነው። ከጀርባው 1988 ብቻ ከተጻፈ፣ አዲስ አበባ ያለው በእኛ፣ ዋሽንግተን ያለችው በፈረንጅ አቆጣጠር ታነበዋለች። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው፤ ስለዚህ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ለዩት። ስሞቹን ከግራ ወደ ቀኝ ከነቅጽል ስማቸው ጻፉ፤ ጨዋታው የሚደምቀው በእሱ ነው! ጀርባው ላይ ስትጽፉ ለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ሲጫኑት ምልክቱ ፊት ለፊት ይወጣል።

በሞት የተለዩን ጓደኞቻችን ያሉበትን ፎቶ ግን ግሩፑ ላይ አትልቀቁት፤ ለአስተባባሪዎች ለብቻ ላኩልን፣ አስቀድመን ቤተሰቦቻቸውን እናስፈቅዳለን። እስከ ጳጉሜን 1 ድረስ እንጠብቃለን።