ምራቅ ልኮ ዘር ማስቆጠር

ለአዘጋጁ፦

ከአሜሪካ የሚመጡ ዘመዶቻችን ከሽቶና ከጫማ ጋር የዲኤንኤ ውጤት ይዘው መምጣት ጀምረዋል። ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ምራቅ ተፍተው ለመርማሪ ኩባንያ በፖስታ ይልካሉ፣ ከሳምንታት በኋላ ከየትኛው ዘር ምን ያህል እንደሆኑ የሚናገር ፐርሰንት በስልካቸው ከች ይላል። ከዚያ ቡና ላይ ጭቅጭቅ ነው።

እዚህ ጎንደር ይህ ወሬ ቀልድ አይደለም። አማራው፣ ቅማንቱ፣ ቤተ እስራኤሉ ለዘመናት ጎን ለጎን የኖረበት አገር ነው። ኩባንያው የሚያደርገው የአንተን ዲኤንኤ በእጁ ካሉት ናሙናዎች ጋር ማነጻጸር ነው፣ ናሙናው ሲጨመር ያው ምራቅ ሌላ ፐርሰንት ሊያወጣ ይችላል። በዚህ ላይ «ንጹህ ነኝ» ብሎ ደረት መንፋት ምን ይሉታል?

አልክድም፣ የቅርብ ዝምድናን በመለየት ምርመራው ጎበዝ ነው። በጉዲፈቻ ወደ ውጭ የሄዱ ልጆች (አገራችን በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከልክላዋለች) አንዳንዴ እህት ወንድማቸውን የሚያገኙት በዚሁ ነው። ግን ያው ጉብዝናው የቤት ገመናም ያወጣል። አባቴ ያልከው ሰው አባትህ እንዳልሆነ በኢሜይል ብትሰማስ? እናትህንስ ማን አስፈቀዳት?

መረጃውም ቢሆን አስተማማኝ ቦታ የለውም። ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 6.9 ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞቹ መረጃ ተመነተፈበት፣ በ2025 ደግሞ ለኪሳራ ፍርድ ቤት አመለከተ። የአንዱ ምራቅ የወንድሙንም የአጎቱንም ምስጢር ስለሚናገር፣ ከመላካችሁ በፊት እባካችሁ ቤተሰብ አማክሩ። የልጆቹን ግን ተዉት፣ ሲያድጉ ራሳቸው ይወስኑ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር ፒያሳ