ላንግ ሊዬውን ከመሳልሽ በፊት

ልጄ፣

በሩዝ ምግቡ ስለነገሠው የቬትናም ተረት ልዑል፣ ስለ ላንግ ሊዬው፣ ለምታዘጋጂው የልጆች መጽሐፍ የላክሽልኝን ረቂቅ ሥዕሎች ደጋግሜ አየኋቸው። የዙፋኑ ገጽ አምሯል፤ የሕልሙም ገጽ እንዲሁ። የምጽፍልሽ ስለ ምግቡ ነው። ባኝ ቹንግ (በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀል የሩዝ ምግብ) ብለሽ የሳልሽው ሳህን ላይ የተቀመጠ አረንጓዴ ሣጥን ነው፤ በምን እንደተጠቀለለ፣ በምን እንደታሰረ፣ ስንት ሰዓት እሳት ላይ እንደቆየ አይታይበትም። የቬትናም ልጅ መጽሐፉን ሲከፍት ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ስለ ፋሲካ በተሠራ መጽሐፍ ውስጥ የዶሮው ወጥ ቢጫ ሆኖ እንቁላሉ በሌላ ሳህን ቢቀርብ፣ የእኛ ልጆች የቀረውን ታሪክ ያምኑታል?

ተረቱን እንደገና አስቢው። በቬትናም አፈ ታሪክ ከጥንቶቹ የሁንግ ነገሥታት 6ኛው ዙፋኑን ሊያወርስ ሲያስብ፣ ለአባቶች መንፈስ የሚገባውን ምርጥ ምግብ ያመጣ ይንገሥ ይላል። ወንድማማቾቹ ብርቅ ነገር ፍለጋ ጫካና ባሕር ያስሳሉ። ላንግ ሊዬው፣ በአብዛኛው አተራረክ 18ኛው ልጅ፣ ድሃ ነውና ያለው ሩዝ ብቻ ነው። በሕልሙ አንድ መንፈስ ከሩዝ የሚከብር ነገር እንደሌለ ይነግረዋል፤ ለሰማይ ክብ፣ ለምድር አራት ማዕዘን አድርጎ እንዲሠራ ያዘዋል። ክቡ፣ ተቀቅሎ በሙቀጫ የተወቀጠው ነጩ፣ ባኝ ዛይ ነው፤ አራት ማዕዘኑ ባኝ ቹንግ። ሕልሙ ምክር ብቻ ሰጠው፤ ያነገሠው ግን የእጁ ሥራ ነው። ስለዚህ ለሕልሙ ሁለት ጥንድ ገጽ ሰጥተሽ ለሥራው ግማሽ ገጽ መስጠትሽ ሚዛኑን ገልብጦታል። ከ32 ገጽ የርዕሱንና የኅትመት መረጃውን ስታወጪ 14 ጥንድ ገጽ ያህል ይቀርሻል፤ አምስቱን ለሥራው ስጪ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሚጣበቀው ሩዝ ከማታ ጀምሮ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ማሾውም ይዘፈዘፍና ቅርፊቱ ይወጣል፤ ያኔ ቢጫ ይሆናል፤ አረንጓዴ አድርገሽ የሳልሽው ያልተፈተገውን ነው። ሥጋው ስብ ያለው የአሳማ ሆድ ነው፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይነካዋል። ቅጠሉ ላ ዞንግ ይባላል። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፤ እጅሽ የለመደው የድፎ ዳቦውን ኮባ ስለሆነ ሳታስቢው ኮባ ስለሻል። ላ ዞንግ ከሥሩ አጠገብ በየአገዳው የሚወጣ፣ ሞላላ፣ እንደ ሙዝ ቅጠል የማይተለተል፣ ክንድ የማያህል ቅጠል ነው። ሁለቱም ገጹ ይታጠባል፣ በጨርቅ ይደርቃል፣ ወፍራሙ የመሃል አጥንት በቢላ ይሳሳል፤ ካልሳሳ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

አብዛኛውን ጊዜ አራት ቅጠል ለአንድ ይበቃል። ከሩዙ ጋር የሚገናኙት ቅጠሎች ጥቁር አረንጓዴው ፊታቸው ወደ ውስጥ ነው፤ ቀለሙን ለሩዙ የሚሰጠው እሱ ነው። ከዚያ ሩዝ፣ ማሾ፣ ሥጋ፣ ማሾ፣ ሩዝ። ስለዚህ ሲቆረጥ የምትስይው መልክ ዳሩ ላይ ስስ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ መሃሉ ሥጋ ነው። አንቺ ሙሉውን አረንጓዴ አድርገሽዋል፤ ቀለሙ የሚገባው ከላይ ብቻ ነው።

ማሰሪያው ከቀርከሃ ወገን ከሆነው ዛንግ የተሰነጠቀ ስስ ልጥ ነው። ሁለት በአግድም፣ ሁለት በቁም ሲታሰር ፊቱ ላይ ዘጠኝ ካሬ ይወጣል። የጥብቀቱ ነገር ለሥዕል ጥሩ ነው፤ በጣም ከጠበቀ ሩዙ ሲያብጥ ቦታ ያጣል፣ ይፈነዳል ወይም ይደርቃል፤ ከላላ ውሃ ይገባበትና ቶሎ ይኮመጥጣል። አንዷን ጠማማ፣ ልጅ ያሰራት የምትመስል አድርገሽ ሳዪ። ልጆች እሷን በየገጹ ይፈልጓታል።

ቅቅሉ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል። ይህ የመጽሐፉ ልብ ነው፣ አንቺ ግን «ሌሊቱን ሙሉ ቀቀሉት» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አልፈሽዋል። ሦስት ጥንድ ገጽ አድርጊው፤ ድስቱ ከአንድ ቦታና ከአንድ ማዕዘን ሳይነቃነቅ፣ የሚለወጠው ብርሃኑና ሰዎቹ ብቻ ይሁኑ። በመጀመሪያው ማታ ነው፤ ሁሉም ተቀምጠው ያወራሉ። በሁለተኛው እኩለ ሌሊት፤ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተኝተዋል፣ አንድ ሰው ብቻ ነቅቷል። በሦስተኛው ጎሕ ሲቀድ ፍሙ አመድ ለብሷል። ጽሑፍ ከአንድ መስመር አይበልጥ፤ ሰዓቱን የሚያሳልፈው ገጹን የሚገልጠው ልጅ ራሱ ነው። ከትልቁ ድስት ጎን ማንቆርቆሪያ አትርሺ፤ ውሃው ከባኝ ቹንጎቹ በታች መጉደል የለበትም፣ ሲጎድል የሚጨመረውም የፈላ ውሃ ነው፣ ቀዝቃዛ ከገባ እኩል አይበስልም። ሲወጣ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ ሳንቃና ክብደት ተጭኖበት ውሃው ይንጠፈጠፋል። ቢላ የያዘውን እጅ ደግሞ አጥፊው። የሚቆረጠው በራሱ ማሰሪያ ነው፤ አንዱ ፊቱ ይገለጥና ልጦቹ በላዩ ተሻግረው ይዘረጋሉ፣ ሳህን ላይ ተገልብጦ የቀረው ቅጠል ይነሣል፣ የልጦቹ ጫፍ ለጫፍ ሲሳብ ስምንት ቁራጭ ይወጣል። ከዚህ የበለጠ ገጽ ለመጽሐፍሽ አላውቅም።

አያትየዋ ተረቱን የምትናገርበት የዛሬው ቤት ላይ ሰሜኑንና ደቡቡን ቀላቅለሻል። ባኝ ቹንግ ያለበት ቤት የሰሜን ነው፤ የቴት (የአዲስ ዓመት) በዓል አበባውም ሮዝ የኮክ አበባ ነው። ቢጫው የማይ አበባ የደቡብ ነው፤ እዚያ ምግቡ ራሱ ረጅም ድብልብል ሆኖ ባኝ ቴት ይባላል። የፍራፍሬው ትሪም ይለያያል፤ በሰሜን አረንጓዴ የሙዝ እጅ ሌላውን ፍሬ ታቅፎ ይቀመጣል፣ በደቡብ ሙዝ አይደረግም፣ ስሙ «ማሽቆልቆል» ከሚለው ቃል ጋር ይመሳሰላልና። የአባቶች መሠዊያ ላይ የዕጣኑ ማሰሮ መሃል ይሁን፣ የዕጣኑ እንጨት ቁጥር ጎዶሎ (አንድ ወይም ሦስት)፣ ባኝ ቹንጉ በጥንድ። ቾፕስቲኩን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርገሽ ተክለሽዋል፤ እንዲህ የሚደረገው ለሞተ ሰው ነው። ዛሬውኑ አስተኚው።

ስለ አጠራር። በቬትናምኛ «አጎት» የሚል አንድ ቃል የለም። በሰሜኑ የአባት ታናሽ ወንድም ቹ ነው፤ የእናት ታናሽ ወንድም ከው፤ ከወላጅ የሚበልጠው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ባክ ይባላል። ልጁም ለአያቱ ሲናገር ራሱን «እኔ» አይልም፣ «ቻው» ይላል፣ የልጅ ልጅ ማለት ነው። ምግብ ሲቀርብ ታናሹ ሳይጋብዝ አይበላም፤ አያቶቹን፣ ቀጥሎ ወላጆቹን፣ በዕድሜ ቅደም ተከተል ይጋብዛል። አማርኛው «አጎት» ብቻ ስላለው ልዩነቱን በሥዕል አሳዪ፤ ቹን ከአባትየው ወጣት አድርጊው። የልጁን ንግግር ደግሞ በአንቱታ ጻፊው፤ «አያቴ፣ ይብሉ» ሲል ሥርዓቱ ሳይጎድል ይደርሳል። «የአሳማ ሥጋ» የሚለውን ለእኛ አንባቢ ብለሽ ወደ በሬ አትለውጪ። ልጅ ቢጠይቅ ወላጁ ይመልስለታል፤ የሌላውን ቤት ማዕድ ግን አናስተካክልም።

በተረቱ ገጾች ላይ ያሉት ልብሶች ከዛሬው ቤት የተቀዱ ናቸው። የሁንግ ነገሥታት ዘመን የሚታሰበው ከነሐስ ዘመን ጋር ነው፤ ዶንግ ሰን የሚባሉትን የዘመኑን የነሐስ ከበሮዎች ፎቶ ፈልጊ። በከበሮዎቹ ላይ ላባ የሰኩ ሰዎች፣ በምሰሶ ላይ የቆሙ ጣሪያቸው የተቆለመመ ቤቶች፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ረጅም ዘነዘና የሚያነሱ ወቃጮች ተቀርጸዋል። ባኝ ዛይ የሚወቀጥበት ገጽ ተሠርቶ ቀርቦልሻል ማለት ነው። ቀለሙን ከዶንግ ሆ መንደር የእንጨት ኅትመቶች መውሰድሽ ግን ልክ ነው፤ ቤተሰቦች ለቴት ግድግዳቸው ላይ የሚለጥፏቸው ናቸውና። ከወሰድሽ በሙሉ ውሰጂው፤ የባሕር ቅርፊት ዱቄት የተቀባ የሚያብረቀርቅ ነጭ መደብ፣ ጥቂት ጠፍጣፋ ቀለም፣ ጥላ የሌለው። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ እንጨት አለው፤ ጥቁሩ መስመር መጨረሻ ላይ ይታተማል።

ቀጥሎ ስላሰብሻቸው ሁለቱ ተረቶች ለአሁኑ ጥቂት ብቻ። የፊሊፒንሱ ተረት ላይ «ዝንጀሮ» ብለሻል፤ እንስሳው ረጅም ጅራት ያለው ነው፣ «ጦጣና ኤሊ» በዪው። የፊሊፒንሱ ደራሲ ሆሴ ሪዛል በሥዕል የሠራውና በ1889 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ያሳተመው ነው፤ ፊሊፒንስ የልጆች መጻሕፍት ቀንን በሐምሌያቸው (ጁላይ) ሦስተኛ ማክሰኞ የምታከብረው ለዚሁ መታሰቢያ ነው። ከሙዙ ተክል ጦጣው ቅጠል ያለውን ላይኛውን ግማሽ ይወስዳል፣ ኤሊው ሥር ያለውን፤ ሙዝ የሚያቆጠቁጠው ከሥሩ ስለሆነ የጦጣው ይደርቃል። እንሰት እንዳትስዪ። እንሰት ግንዱ ከታች ያበጠ፣ ቅጠሉ ወደ ላይ የቆመ፣ በራሱ ችግኝ የማያወጣ ነው፤ ከሳልሽው ተረቱ ምክንያቱን ያጣል። የማላዩ ተረት ብልጥ እንስሳ ካንቺል ደግሞ ሚዳቋ አይደለም፤ ቀንድ የለውም፣ ክብደቱ ሁለት ኪሎ ያህል ነው። ስሙን እንዳለ ተዪው። ወንዙን በጀርባቸው ሊሻገር አዞዎቹን አሰልፎ ሲቆጥር ብዙ ጊዜ የንጉሥ ሰሎሞን ትእዛዝ ነው ይላቸዋል፤ የእኛ ልጆች ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው ይበራል፣ እንዳትቆርጪው።

ለማተሚያው፦ ማንኛውንም ፊት ከመጠረዣው መስመር ቢያንስ 1.5 ሳንቲ ሜትር አርቂ፤ የላንግ ሊዬው አፍንጫ አሁን ስፌቱ ውስጥ ገብቷል። በየዳሩ 3 ሚሊ ሜትር ለክርከማ ጨምሪ። ፊደሉ ከ16 ነጥብ አይነስ፣ መስመሮቹንም አራርቂ፤ «ቷ» እና «ቶ» የሚለዩበት ትንሿ ምልክት ለጀማሪ አንባቢ መታየት አለባት።

የመጨረሻውን ጥንድ ገጽ ከዘውዱ ላይ አንሺው። ከተረፈው ሩዝና ቅጠል ለልጆች ትንንሽ ባኝ ቹንግ ይጠቀለላል፤ ትንሽ ስለሆነ ቀድሞ ይበስላል፣ ከድስቱም ቀድሞ ይወጣል። ያቺን ጠማማ የታሰረችዋን፣ እንፋሎቷ ሳይበርድ፣ ከእንቅልፉ ገና በነቃው ልጅ መዳፍ ላይ አስቀምጪያት። የናሙናውን ጥራዝ ስትሰፊ ላኪልኝ።

እናትሽ