ልጄን ከየትኞቹ ሕመምተኞች ቆጠራችኋት?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የእርድን ንጥረ ነገር በናኖ ቅንጣት፣ ማለትም በዓይን በማይታይ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ጠቅልሎ የስኳር ሕመምን ስለ ማከም ያወጣችሁትን ዜና አነበብኩ። ሁሉንም ላነሳ አይደለም። የከነከነኝ «የስኳር ሕመምተኞች ከኢንሱሊን መርፌ ሊገላገሉ ነው» የምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። የትኞቹ ሕመምተኞች?

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ዓይነት አንድ ስኳር አለባት። ቆሽቷ ኢንሱሊን አያመርትም። ከየምግቡ በፊት ጣቷን ወግታ ትለካለች፣ ከዚያ ሆዷ ላይ ትወጋለች። መብራት ሲጠፋ መድኃኒቱ እንዳይበላሽ የምጨነቀው እኔ ነኝ። ዜናችሁ በወጣ ማግስት አክስቴ ደወለች። «እሰይ! ልጅቷ ልትገላገል ነው አሉ። እስከዚያው እርዱን በወተት አፍልተሽ ስጫት።» ቀጥሎ ጎረቤት መጣች። ማታ ልጄ ራሷ «እማዬ፣ ዛሬ ብተወውስ?» አለችኝ። እስቲ እናንተ መልሱላት። ኢንሱሊን ካቆመች ደሟ በአሲድ ተመርዞ ራሷን ለመሳት ብዙ ቀን አይፈጅባትም።

ምርምሩን አልጠላሁም። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የሚባል ንጥረ ነገር ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ሲበላ አብዛኛው ደም ውስጥ ሳይገባ ይወጣል፤ የገባችውንም ጉበት ቶሎ ይለውጣታል። ተመራማሪዎቹ በሜትር ቢሊዮንኛ በሚለካ የስብ ወይም የፖሊመር ቅንጣት የሚጠቀልሉት ለዚህ ነው። ይህን እናንተው በደንብ ጽፋችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ፎቶው ላይ ማንኪያ ሙሉ የወጥ እርድ ምን ይሠራል? የመርካቶ እርድ ናኖ ከሆነማ የእኛ ቤት አልጫ እስካሁን ሰፈሩን ሁሉ በፈወሰ ነበር!

ጥናቱ የተሠራው ደግሞ በአይጦች ላይ ነው። ይህቺን ያገኘኋት መጨረሻ አንቀጽ ላይ ነው። አክስቴ እዚያ ድረስ አላነበበችም።

ከዕፅዋት መድኃኒት አይወጣም ያለ የለም። የስኳር ሕመም ክኒን የሆነው ሜትፎርሚን ራሱ መነሻው ጋሌጋ የሚባል ዕፅ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1922 ተቀምሞ፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን ለስኳር ሕመም እንደሚሆን ያሳወቀው በ1957 ነው። አሜሪካ ደግሞ እስከ 1994 ድረስ አልፈቀደችውም። ይህን ሁሉ አልፎም የልጄን ኢንሱሊን አይተካም። እናንተ ግን ገና ከአይጥ ያልወጣውን በአንድ ርዕስ ተካችሁት።

እርማት የምታወጡ ከሆነ «ዓይነት አንድ» የሚለው በግልጽ ይጻፍ፤ ኢንሱሊን ማንም እንዳያቆምም ይነገር። ቦታውም ዜናው የነበረበት፣ ፊደሉም የዚያኑ ያህል ይሁን። ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር ከሸጎጣችሁት አክስቴ አታየውም።

የአንዲት ታዳጊ እናት፣ ከአዲስ አበባ